«አልቋል» የተባለው ጉልበት

ይህ ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ዳኛው «አስር ደቂቃ ብቻ» ብለውኝ ነበር፣ ወደ አንድ ሰዓት ሄደ። ያልመጡ ሰዎች ጻፊልን ስላሉኝ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት፣ የተደጋገመውን ብቻ ቀነስኩ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው።

እንደምን ዋላችሁ።

ቅድም ስትገቡ በሩ ጋ ቆሜ አያችሁ ነበር። ደረጃዋ ሦስት ናት። ከመሀላችሁ ግማሹ ግድግዳ ይዞ ነው የወጣው፣ አንድ እናት ደግሞ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው ደረጃውን እንደ ባለዕዳ ገላመጡት። ስቄ ነበር፣ ይቅርታ። ግን ወሬዬን ከዚያች ግልምጫ ልጀምር።

በእኛ ቋንቋ ጉልበት የእግር መታጠፊያም ነው፣ አቅምም ነው። ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲል ስለ አንዲት መገጣጠሚያ ብቻ አያወራም። ገበያ መሄዱን፣ ቅዳሴ መቆሙን፣ ለቅሶ መድረሱን፣ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም መውጣቱን ሁሉ ነው የሚያወራው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ «ጉልበትዎ አልቋል» ሲል ሰውየው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። እሱ ስለ ራጁ ያወራል፣ ሰሚው «እኔ አልቄያለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን የማውቀው ከእናቴ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ 63 ዓመቷ ላይ፣ ቀኝ ጉልበቷ ሲያስቸግራት ራጅ ተነሳች። ስሙን የማልጠራው ቦታ ነው። «እማማ፣ ልም አጥንትዎ አልቋል፣ አጥንት ለአጥንት ነው የሚፋጨው፣ ከእንግዲህ ብዙ አይንቀሳቀሱ» ተባለች። እናቴ ደግሞ የተባለችውን የምትሰማ ሰው ናት። ተቀመጠች። እኔ ያኔ ክፍለ ሀገር ነበር የምሠራው፣ በስልክ «ደህና ነኝ፣ አርፌያለሁ» ትለኛለች። ከዓመት በኋላ ስመጣ ጭኗ ሟሽሿል፣ ወገቧ ሰፍቷል፣ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት በሰው ነው የምትሄደው። ጉልበቷን ያን ያህል የጎዳው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ ማረፉም ነበር።

እስቲ ውስጡን እንየው። በዓል ላይ በግ ሲበለት የእግሩ መጋጠሚያ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያንሸራትት ነገር አይታችኋል አይደል? ልም አጥንት እሱ ነው። እኛም እንደዚያው ነን። አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ የደም ስር የለውም። ነርቭም የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስቡ። ስትረግጡ ይጨመቃል፣ እግራችሁን ስታነሱ መልሶ ይመጥጣል። ስትራመዱ ትመግቡታላችሁ ማለት ነው። የሚቀመጥ ሰው ልም አጥንቱን ጾም እያሳደረው ነው፣ ያውም ያለ ፋሲካ።

ለዚህ ነው «እንደ መኪና ጎማ ተበላ» የሚለውን አነጋገር የማልወደው። ጎማ በተነዳ ቁጥር ያልቃል፣ ቆሞ ካደረ ይተርፋል። ጉልበት ግን በሕይወት ያለ ነገር ነው። ኦስቲኦአርትራይተስ የምንለው በሽታ ልም አጥንቱ መሳሳቱ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠነክራል፣ ጠርዙ ላይ «እሾህ» የምትሉት ትርፍ አጥንት ይበቅላል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ይቆጣና አንዳንዴ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይደክማል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ሰውነት ራሱን ለመጠገን የሚያደርገው ሙከራ ነው፣ ጥሩ ግንበኛ ባይሆንም። ልም አጥንት ነርቭ ከሌለው ደግሞ ሕመሙ የሚመጣው ከሌሎቹ ነው፤ ከአጥንቱ፣ ከሽፋኑ፣ ከጅማቱ፣ ከጡንቻው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ በማንኛውም ዕድሜ ይጠነክራል። 80 ዓመት ላይም።

«ፈሳሹ ደርቋል ተባልኩ» የምትሉ አላችሁ። እጅ አውጡ እስቲ። ይኸው፣ ሩብ አዳራሽ። በዚህ በሽታ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ የሚበዛ ነው፣ ጉልበት የሚያብጠውም ለዚያ ነው። የሚለወጠው ጥራቱ ነው፣ ይቀጥናል። ስለዚህ «ቅባት ይተካል» ተብሎ የሚጠጣው የቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል፣ ጠጡት፣ ግን ወደ ጉልበት የሚሄድ ቧንቧ የለውም።

ሲንቀሳቀስ ቀጭ ቀጭ የሚልስ? ድምፁ ብቻውን፣ ሕመምና እብጠት ከሌለው፣ ምንም አይደለም። የቤታችሁ በርም ይጮኻል፣ አልወደቀም።

ራጅን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሐኪሞች ራጁን ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል፣ ኬልግሬንና ሎውረንስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ራጁና ሕመሙ ሁልጊዜ አይስማሙም። ራጁ አስቀያሚ ሆኖ ገበያ የሚሮጥ አለ፣ ራጁ ደህና ሆኖ ሌሊቱን የሚያለቅስም አለ። እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ የጡንቻ ድካም፣ ፍርሃት፣ እነዚህ ሁሉ ሕመሙ ላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ራጅ ይዛችሁ ስትመጡ እኔ መጀመሪያ የማየው ከወንበር እንዴት እንደምትነሱ ነው። ፎቶውን በኋላ አያለሁ።

ብቻችሁን እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 528 ሚሊዮን ሰው ይህ በሽታ ነበረበት፣ ከዚያ ውስጥ 365 ሚሊዮኑ ጉልበት ላይ ነው። ከመቶ 60ው ሴቶች ናቸው። ከመቶ 73ቱ ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። ዕድሜ፣ ዘር፣ ክብደት፣ የድሮ ጉዳት፣ ተንበርክኮና ከባድ ተሸክሞ የሚሠራ ሥራ ያመጣዋል። ብርድስ? ብርድ በሽታውን አይፈጥረውም። ክረምት ላይ መገጣጠሚያ ቢገትር፣ ቢያምም እውነት ነው፣ ማሞቅም ይረዳል። «ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ ስድስት ዓመት ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፤ መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ይህ በሽታ የለበትም። የዚህኛው ጠባይ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ይገትራል ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፣ ተቀምጠህ ስትነሳ ያስቸግራል፣ ትንሽ ስትሄድ ይላላል፣ ብዙ ስትሄድ ያምማል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገትር፣ ሁለቱንም እጅ ጣቶች የሚያሳብጥ ከሆነ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ የራሱ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። በአንድ ሌሊት የእግር አውራ ጣት ቀልቶ አብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ ትክክለኛው ሪህ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ድንገት ትኩስ ሆኖ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ቀጠሮ አይጠብቅም። ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ከወደቁ በኋላ መርገጥ አለመቻልም እንደዚያው።

መድኃኒት። ይህ ላይ ልቆጣችሁ ነው፣ ታገሡኝ።

ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። እናቴ በዚያ ዓመት ውስጥ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ትውጥ ነበር፣ ሲብስ መርፌውንም ትወጋ ነበር፣ የሰፈር መድኃኒት ቤት ልጅ «ለቁርጥማት» እያለ ይሰጣታል፣ ማንም «ጨጓራ አለብሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። ጨጓራ ደግሞ በዚህ ሀገር የሌለበትን ሰው ፈልጉና አምጡልኝ። አንድ ቀን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጨጓራዋ ደምቶ ነበር። ተረፈች፣ ተመስገን። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ፣ ልብ ላይም ጫና አላቸው። በጭራሽ አይወሰዱ አላልኩም። ሐኪም ያላችሁን በሽታ አውቆ ለአጭር ጊዜ፣ በትንሽ መጠን ሲያዛቸው ይጠቅማሉ። ለጉልበትና ለእጅ መጀመሪያ የሚመከረው ግን የሚቀባው ዓይነት ነው፣ ያው ዲክሎፌናክ በጄል መልክ። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ማሸት ሳይሆን መቀባት፣ በየቀኑ፣ ለተወሰነ ሳምንት። አንድ ቀን ተቀብቶ «አልሠራም» አይባልም።

ዴክሳሜታዞንና ፕሪድኒሶሎን የሚባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም የምትወስዱ ካላችሁ ዛሬ ንገሩኝ፣ ለብቻችሁ፣ አልናገርም። በሦስት ቀን ያስነሳል፣ ለዚያ ነው የሚወደደው። ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በአንዴ ማቆም የለበትም፣ አደጋ አለው፤ ሐኪም ነው ቀስ እያለ የሚቀንሰው።

ልጆቻችሁ ከአሜሪካ የሚልኩላችሁ ግሉኮሳሚን የሚባል ትልልቅ ኪኒን አለ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ወደ 1,580 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ፈትነውት በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። በአጠቃላይ ሲታይ ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ብዙም የተለየ አልሆነም። ልጆቻችሁን አመስግኑና በዚያ ብር ጥሩ ጫማ ላኩልኝ በሏቸው። ሶሉ ለስለስ ያለ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ የሚይዝ። ሸበጥ አይደለም።

አሁን የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ጉልበትን በትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በካሜራ እያዩ ማጠብና መጥረግ የሚባል ቀዶ ሕክምና ነበር፣ ለዚህ በሽታ በጣም ብዙ ይሠራ ነበር። ሐኪሞቹ 180 ሰዎች ወሰዱ። አንዳንዱን በትክክል አጠቡለት፣ አንዳንዱን ጠረጉለት፣ ለቀሩት ግን ቆዳውን ብቻ ሰንጥቀው፣ ውሃውን እያንቦጫረቁ የውሸት ቀዶ ሕክምና አደረጉና ሰፉት። በሽተኞቹ ፈቅደው ነው የገቡት፣ የትኛው እንደደረሳቸው ግን አያውቁም። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ልዩነት የለም! በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ ብዙ ቀዶ ሐኪም ተናደደ። ታዲያ ይህን የምነግራችሁ ሐኪም እንድትንቁ አይደለም። «ገብቶ ይታጠብልኝ» ብላችሁ መሬት የምትሸጡ ስላላችሁ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራል? በጣም የሚያሰለች መልስ ነው ያለኝ፤ ጡንቻ ማጠንከር፣ መራመድ፣ ክብደት መቀነስ። ዴንማርኮች በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን በሥርዓት ማስተማር ጀመሩ፤ በቡድን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ስለ በሽታው እያስረዱ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን የመሳሰለ እንቅስቃሴ እያሠሩ። ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፋ። ወንበር እኮ ነው። እኛም አለን።

እናቴን የጀመርኳት አልጋ ላይ ነው። እግርን ዘርግቶ የጭንን ጡንቻ ጭምቅ አድርጎ አምስት መቁጠር፣ መልቀቅ። በሳምንቱ እግሯን ቀጥ አድርጋ ከፍራሹ አንድ ስንዝር ታነሳ ጀመር። ከዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትራስ ደራርበን ተነሽ ተቀመጭ። ትራሱን በየሳምንቱ እየቀነስን። አንዴ ተቆጥታ «አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?» አለችኝ፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

«ሲያመኝ ልተው ወይስ ልቀጥል?» ትሉኛላችሁ። ሕመሙን ከአስር ቁጠሩት። እስከ ሁለት ከሆነ ምንም አይደለም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ከሆነም ይቻላል፣ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ። በማግስቱ ከትናንቱ ብሶ ካደረ ወይም አብጦ ካደረ አብዝታችኋል፣ ቀንሱ፣ አታቁሙ። መቀነስና ማቆም አንድ አይደለም። ሕመም ሁሉ መጎዳት አይደለም፤ ይህን እናቴ ለማመን ሦስት ወር ፈጅቶባታል።

ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል የሚለውም እንደሚባለው አይደለም። የብዙ ጥናቶች ድምር በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለጤና ብለው ከሚሮጡት ውስጥ ከመቶ 3.5 ያህሉ ላይ ነው የጉልበት ወይም የዳሌ በሽታው የተገኘው፤ ከማይሮጡት ላይ ከመቶ 10። ለውድድር የሚሮጡት ግን 13 ይደርሳሉ። እንግዲህ ጠዋት መስቀል አደባባይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉትን ሽማግሌዎች አትዘኑላቸው። እናንተ ግን ነገ ተነስታችሁ ሩጡ አላልኩም፣ ሃያ ደቂቃ ሜዳ ላይ መራመድ ይበቃል፣ አሥር ብትሆንም።

ክብደት። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምስጋና ነው፣ «ከሳሽ» ደግሞ የሐዘን ወሬ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር። አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ የሚወርደው ጫና አራት ኪሎ ያህል ነው። በቀን ስንት እርምጃ ትራመዳላችሁ? አባዙት። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሉ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች ላይ የሚያመው የጉልበት በሽታ የመምጣት ዕድሉ በግማሽ ቀንሶ አገኙት። አምስት ኪሎ፣ ሃያ አይደለም። ጾም ላይ እንቀንሳለን የምትሉ ደግሞ፣ ዘይቱን አይቼዋለሁ።

የቤት ነገር። በርጩማው ይቅር፣ ቡናው አይቅር። ከፍ ያለ ረከቦት ግዙ ወይም ያለውን ጠረጴዛ ላይ አውጡት፣ እናንተም ወንበር ላይ። መቀመጫው ከጉልበታችሁ ከፍ ይበል። ማታ ጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ ማደር ይመቻል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ መቅረትን ይለምዳል፣ ስለዚህ ይቅር። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። አራተኛ ፎቅ ላላችሁ ሙሉ ማዳበሪያ ጤፍ በአንዴ አይወጣም፣ ልጆች ይጠሩ።

ስለ ከዘራ። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፎ መቆም ክብር ነው፣ ማንም አያፍርም። ያው ሰው መንገድ ላይ ከዘራ ያዝ ሲባል «ገና ሳላረጅ!» ይላል። አልገባኝም። ከዘራ የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ካመመ ግራ እጅ። ብዙው ሰው ተሳስቶ ነው የሚይዘው፣ ፊልም ላይ እንኳ። ርዝመቱ እጃችሁን አውርዳችሁ ስትቆሙ የእጅ አንጓችሁ ጋ ይድረስ።

ስግደት የሚያስቸግራችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ «በአቅምህ» ነው የሚሏችሁ። ሙስሊም እናቶችም እዚህ አላችሁ፣ ያልቻለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በሕማማት ሳምንት ሁለት መቶ ሰግዶ ሰኞ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው አለኝ፣ በየዓመቱ። መክሬ ደክሞኛል፣ አሁን ቀጠሮውን አስቀድሜ እይዝለታለሁ።

ፍልውሃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት መሄድ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ጡንቻ ያላላል፣ ውሃው ክብደት ያቀላል፣ ውስጡ መራመድ ደግሞ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። ቤት በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣም ይሠራል። ወጌሻ ጋ መታሸት ካማራችሁ ላላ አድርጎ ይሽ፤ ያበጠ ጉልበት ላይ ግን የሚታጠፍ፣ የሚጎተት፣ ቋ የሚደረግ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ቤት የሚያስቀር ሕመም ከቀረ መገጣጠሚያውን መቀየር አለ። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. የዳሌውን በሚገባ ከሠራው ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ጉልበት ከተቀየረላቸው አሥር ሰዎች የስምንቱ ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም ይሠራል። ውድ ነው፣ ሕንድና ታይላንድ የሚሄድም አለ። ለዚያ ብትዘጋጁም ጡንቻው አስቀድሞ መጠንከር አለበት፣ ከቀዶው በኋላ የሚያስነሳችሁ እሱ ነው።

አንዲት እናት ከኋላ «እናትሽስ አሁን?» ብለው ጠየቁኝ። ከዘራ ይዛ ኪዳን ትሳለማለች። ደረጃ አትወድም። ክረምት ላይ ይብስባታል፣ ሙሉ በሙሉ አልተዋትም፣ አይተዋትምም። ራጁን ባለፈው ዓመት ድጋሚ አነሳናት፣ ከድሮው ትንሽ ብሷል። ሳሳያት «እሱ ይባስ» አለችኝ።

እሺ፣ አሁን እዚሁ እንሞክረው። እነዚህ የእድር ወንበሮች ትንሽ ዝቅ ይላሉ፣ ስለዚህ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ ከቻላችሁ ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። እግራችሁን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረት ወደ ፊት። ተነሱ። አንድ። ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትውደቁበት። ሁለት። ጋሼ፣ ትንፋሽ አይያዙ። ሦስት።

(ሰባት ላይ ስንደርስ ግማሹ ሰው ስቆ ተቀመጠ። የእድሩ ጸሐፊ ወንበር ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ጠየቁ። ደረጃውን የገላመጡት እናት አሥሩን ጨረሱ።)